ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ወጣት ለማን ትንገር?

ለቤተ ክርስቲያን የጥናት ክፍሎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች



በዚህ ዕትም ለጥናት ያቀረብነው ርእስ በጉባኤ መካከል ስሙ እምብዛም አይጠራም። ስለ ውኃ ጉድጓድ፥ ስለ ዘር እህል፥ ስለ ሕፃናት ክትባት በግልጥ እንነጋገራለን። ስለ ሴት ልጅ ጡት ግን፥ ሕፃን ስለ ማጥባት ካልሆነ በቀር፥ አንናገርም። ይህ ዝምታ ከጨዋነት የመጣ ስለ ሆነ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ አንዲት ወጣት ጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜ ይኸው ዝምታ ብዙ ወራት ይወስድባታል። ስለዚህ ትምህርቱን እኅቶችም ወንድሞችም ባሉበት እንድታነቡት እንለምናለን። ባሎችና አባቶች ተለይተው እንዲወጡ አታድርጉ።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል እንናገር። በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ያገለግላል። «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢን ነው። «የጡት ነቀርሳ» የምንለው ግን ካንሰርን ነው፤ ካንሰር ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ የታመመችውን ሴት ዕቃዋን የሚለዩባት፥ ልጇንም እንዳታቅፍ የሚከለክሏት ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳይደርስ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካንሰር እያልን እንጽፋለን።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በወጣት ሴት ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ይህን በሙሉ አፋችን ልንናገር እንችላለን። ነገር ግን ካንሰር አለመሆኑን ዕድሜዋን ቈጥሮ፥ ወይም «አያማትም» ብሎ፥ ወይም በቤት በጣት ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ሁለቱን አብረን መያዝ አለብን። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ወጣቲቱን «ምንም አይደለም» ብሎ ይመልሳታል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ያስደነግጣትና ትደበቃለች። ሁለቱም መንገዶች ከሐኪም ያርቋታል።

ለትምህርቱ እንዲረዳን አንዲት ወጣት በሐሳባችን እናቁም። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስምንት ወር ሆኖታል። ቤቷ ከወረዳው ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ፥ ወደ ብብቷ በኩል፥ የተነከረ ባቄላ የሚያህል ነገር በጣቷ ሥር አለፈ። አላመማትምና ተወችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትዳስሰው እዚያው ነበር። ከባሏ በፊት ለጎረቤቷ ለትልቋ ሴት ነገረቻቸው።

«እትዬ፥ እዚህ ጋ አንድ ነገር ወጥቶብኛል።»

«ያምሻል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ካላመመሽማ ወተት ረግቶ ነው የኔ ልጅ። ልጁን በዚያ በኩል አዘውትረሽ አጥቢው፥ ይለቅሻል።»

እትዬ ክፉ አላሰቡም፤ የተናገሩትም ነገር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በሚያጠቡ እናቶች ጡት ውስጥ ወተት ተቋጥሮ እብጠት ይሠራል፥ በማጥባትና በማለብም በጥቂት ቀን ይቀንሳል። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «እስከሚመጣው እሑድ ካልለቀቀሽ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» ቢሏት ኖሮ ምክራቸው ሙሉ ይሆን ነበር። ለጎረቤቷ ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ ከምክሩ ጋር ቀን ቢጨምር ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ አስቡ።

«ካላመመሽማ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንመልከተው። በሌላው ሕመማችን ሁሉ ወደ ሐኪም የሚወስደን ስቃይ ነው። ጥርስ ሲያመን እንሮጣለን፤ ሆድ ሲቆርጠን እንሮጣለን። የጡት ካንሰር ግን በጀመረበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምም። የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱም ጡቶች መክበዳቸውና መታመማቸው ይልቁን የተለመደ የሰውነት ለውጥ ነው። ስለዚህ ሕመም መኖሩ ለፍርሃት፥ ሕመም አለመኖሩም ለመተማመን በቂ ምክንያት አይሆንም።

እብጠቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ባሉ ሴቶች በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው እብጠት ነው። ለስላሳ ጠርዝ አለው፥ እንደ ጎማ ጠንከር ይላል፥ ሲዳስሱትም ከጣት ሥር ይሸሻል። ካንሰር አይደለም። ምርመራው ይህን ካሳየና ትንሽ ከሆነ ሳይቆረጥ በክትትል ሊተው ይችላል። ከዚህ ሌላ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ይህ በተለይ ከሠላሳ አምስት ዓመት ወዲህ ይበዛል። በሚያጠቡ እናቶች ዘንድ ከወተት መቋጠር አልፎ ቁስለት ገብቶ መግል ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትኩሳትና መቅላት ይመጣል። አልፎ አልፎ ቲቢ ራሱ ጡት ላይ ይወጣል፤ እነሆ እዚህ ላይ ሁለቱ «ነቀርሳዎች» አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው፥ የሚለያቸውም ምርመራ ብቻ ነው።

ካንሰርም አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ በዚሁ በሽታ የሚሞቱትም 9,000 ያህል ናቸው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በአሜሪካ አገር የጡት ካንሰር የሚገኝባቸው ሴቶች መካከለኛ ዕድሜ ስድሳ ሁለት ያህል ሲሆን በአገራችን ሆስፒታሎች የሚታዩት ግን ብዙዎቹ በአርባዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉ ናቸው። ዋናው ምክንያት ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት በካንሰር መያዟ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አለ። ወንዶችንም ይይዛል፤ ከመቶ ታማሚ አንዱ ያህል ወንድ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን የሚመጣውን እሑድ እንኳ አንጠብቅ። እብጠቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረና ጠርዙ ያልተስተካከለ፥ ከሥሩም የተጣበቀና የማይንቀሳቀስ ሲሆን፤ ከላዩ ያለው ቆዳ ሲጎደጉድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፤ የጡቱ ጫፍ ቀድሞ ያልነበረበትን ወደ ውስጥ ሲገባ፥ ሳይጨምቁትም ደም ሲያወጣ ወይም የማይድን ቁስል ሲይዝ፤ በብብት ሥር ሌላ እብጠት ሲገኝ። የሚያጠባ ጡት ቀልቶ አብጦ መድኃኒት ተወስዶለት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ተመልሶ መታየት አለበት፤ መቅላት እየመሰለ የሚመጣ የካንሰር ዓይነት አለና። እናት፥ እኅት፥ አክስት በዚህ በሽታ ታማ እንደ ሆነ፥ በአባትም ወገን ቢሆን፥ ለሐኪም መንገር ይገባል። ይሁን እንጂ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በዘመዳቸው እንዲህ ያለ ነገር ያልታየባቸው ናቸው። «በዘራችን የለም» ማለት አይጠቅምም።

አንዳንድ ጊዜ «ታዲያ በየወሩ ጡታችንን በሥርዓት እንመርምር ወይ?» ብለው እኅቶች ይጠይቁናል። በቻይና በሻንጋይ ከተማ ከ260,000 በላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ላይ ለብዙ ዓመት የተደረገ ጥናት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ፥ በየወሩ ራሳቸውን እንዲመረምሩ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል በሞት ቍጥር ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ የምንረዳው የወር ሥርዓት ማውጣትና በሱም መጨነቅ አስፈላጊ አለመሆኑን ነው። የራስን ገላ ማወቅ፥ አዲስ ነገር ሲመጣ ልብ ማለትና ሳይዘገዩ ማሳየት ግን ይበቃል። መዳሰስ የምትወድ እኅት የወር አበባዋ ከጀመረ ከሳምንት በኋላ ብታደርገው ጡቱ የለሰለሰበት ጊዜ ስለ ሆነ ይቀላታል።

ሦስት ጉልቻ

ሐኪም ቤት የሚደረገውን ምርመራ በሦስት ጉልቻ ብንመስለው ለማስተማር ይመቻል፤ ድስት በሁለት ጉልቻ አይቀመጥምና። የመጀመሪያው ጉልቻ መጠየቅና መዳሰስ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ጡቶችና ሁለቱንም ብብቶች ይመለከታል። ሁለተኛው ምስል ነው። ለወጣት ሴት የሚመረጠው አልትራሳውንድ ነው፤ ምክንያቱም የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ በራጅ የሚነሣው ማሞግራፊ ብዙ ነገር ይሰውርበታል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ነፍሰ ጡርንም የምታጠባንም ሴት አይጎዳም፥ ጡት ለማስጣልም ምክንያት አይሆንም። ሦስተኛው ጉልቻ ናሙና ነው። በቀጭን መርፌ ወይም ወፈር ባለ መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

በጣም ወጣት በሆነች ሴት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምርመራዎች በግልጥ ከተስማሙ ሐኪሙ ናሙናውን ትቶ በቀጠሮ ሊከታተላት ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ያያት ሐኪም ነው እንጂ ቤተሰብ ወይም የጸሎት ክፍል አይደለም። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ፥ ለምሳሌ በእጅ ሲዳሰስ የሚያሠጋ ሆኖ መርፌው «ምንም የለም» ቢል፥ ምርመራው ገና አላለቀም፤ ናሙናው ይደገማል።

ወጣቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ምን ትበል? ብዙ ሴቶች በሰው ፊት ስለሚያፍሩ «ደረቴን ያመኛል» ይላሉ፤ የሳል መድኃኒት ተሰጥቷቸውም ይመለሳሉ። ስለዚህ የምትለውን ቃል አስቀድማ ብትለማመደው መልካም ነው። «ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቻለሁ፤ ካየሁት አምስት ሳምንት ሆነ፤ አልቀነሰም» ብላ ትጀምር። ስታጠባ መቆየቷን፥ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን፥ ለወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስደው መርፌ ወይም ክኒን ካለ እሱንም ትንገር። ወንድ ባለሙያ ካፈራት ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት መጠየቅ፥ ወይም እኅቷ አብራት እንድትቆም መፈለግ ነውር የለውም።

የምታየዋ ነርስ ደግሞ «ገና ልጅ ነሽ፥ ይጠፋል» ብላ ልትመልሳት ትችላለች። ነርሷ ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ አንድ የወር አበባ ዑደት ጠብቆ እንደ ገና ማየት በሕክምናም ያለ ነገር ነው። ወጣቲቱ ግን ያለ ቀጠሮ መውጣት የለባትም። «ሲስተር፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ መቼ ልጠብቅ? ካልጠፋስ ወዴት ልሂድ?» ብላ ትጠይቅ። ይህ ንግግር ማንንም አያስቀይምም፥ መልሱም ካርዷ ላይ እንዲጻፍላት ያደርጋል። በብሪታንያ ሐኪሞች በሚሠሩበት መመሪያ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናት ሴት ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ካገኘች በአስቸኳይ ወደ ልዩ ክሊኒክ ትላካለች። ከ30 ዓመት በታች ያለችውም ብትሆን፥ ጥድፊያው ቢቀንስ እንጂ መላኳ አልቀረም።

ስለ መዘግየት

እብጠቱ እያለ ሴቶች ለምን ይቆያሉ? ገንዘብና መንገድ እንዳሉ ሁላችን እናውቃለን። ኀፍረት ግን ከነዚህ ይቀድማል፥ ዕድሜውም ረጅም ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ፋርስ ንግሥት ስለ አቶሳ ጽፏል። አቶሳ የቂሮስ ልጅ፥ የዳርዮስ ሚስት ነበረች። በመጽሐፈ አስቴር አርጤክስስ የተባለው ንጉሥ ልጇ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ትንሽ ሳለ አፍራ ለማንም ሳትናገር ደበቀችው። ፈርጦ መስፋፋት በጀመረ ጊዜ ነው ዴሞኬዴስ የተባለውን የግሪክ ሐኪም ያስጠራችው። ሐኪሙ ፈወሳት ይላል ታሪኩ። በሽታው ካንሰር ይሁን ወይስ መግል የያዘ ቁስል ሐኪሞች ዛሬም ይከራከሩበታል። እንግዲህ በቤተ መንግሥት የምትኖር፥ ሐኪም ከደጇ የማይጠፋ ንግሥት ካፈረች፥ የእኛይቱ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ብታፍር ምን ያስደንቃል? ኀፍረቷን በተግሣጽ አናስወግደውም። ቀድማ ልትነግረው የምትችለውን አንድ ሰው ግን አስቀድመን ልናዘጋጅላት እንችላለን።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ያላገባችው «ማን ያገባኛል?» ትላለች፤ ያገባችው «ባሌ ይተወኛል» ትላለች። ሁሉም «ጡቴን ይቆርጡታል» ይላሉ። እዚህ ላይ ማስተማር የሚገባን ነገር አለ። ከላይ እንዳልነው ከወጣቶች እብጠት አብዛኛው ካንሰር ባለመሆኑ ጡትን አያስቆርጥም። ካንሰር ሆኖ ቢገኝም ጊዜው ተለውጧል። በአሜሪካ በዶክተር በርናርድ ፊሸር መሪነት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ሥራ፥ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትና ጡቱን በሙሉ ማውጣት በሕይወት ለመቆየት እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ እንግዲህ የሚሠራው ትንሽ ሳለ ለተደረሰበትና የጨረር ሕክምና ለምታገኝ ሴት ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፥ ወረፋውም ረጅም ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ያሉ ሌሎች ሆስፒታሎች ጀምረዋል። ጨረሩ በማይገኝበት ስፍራ ሐኪሙ ጡቱ በሙሉ እንዲወጣ ሊመክር ይችላል። ሴቲቱ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አላት፤ ባሏም አብሮ ቢሰማ ይሻላል።

ሦስተኛው «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለው አባባል ነው። ይህን አባባል በንቀት ማለፍ አይገባንም፤ ሰዎች ከዓይናቸው ያገኙት ነውና። በመንደሩ አንዲት ሴት እብጠቷን ሁለት ዓመት ደበቀች። በእሳት ተተኰሰች፥ ቅጠል ታሰረላት። በመጨረሻ ቁስሉ ሲሸት በቃሬዛ ተወሰደች። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ እሷ ግን በጥቂት ወር ውስጥ ዐረፈች። መንደሩ ሁለት ዓመቱን አላየም፤ ያየው ሆስፒታል ገብታ መሞቷን ነው። ስለዚህ ቀጥላ እብጠት ያገኘችው ሴት ከሆስፒታል ትሸሻለች፥ እሷም ዘግይታ ትደርሳለች፥ አባባሉም ይጠናል። መርፌውም ቢላዋውም ካንሰሩን አላዛመተውም፤ አስቀድሞ ተዛምቶ ነበር። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ቀድማ ሄዳ የዳነች፥ ወይም «ካንሰር አይደለም» ተብላ የተመለሰች አንዲት ጎረቤት ናት። እንዲህ ያለች እኅት በመካከላችሁ ካለች፥ ራሷ ከፈቀደች ብቻ፥ ለሌሎች እንድትናገር ዕድል ስጧት።

በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የአይራ ሆስፒታል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከትልቅ ከተማ ርቆ ያለ ሆስፒታል ሆኖ ሳለ የጡት ካንሰር ያለባቸው የገጠር ሴቶች በዚያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፥ ታሞክሲፌን የተባለውም ክኒን ተሰጥቷቸዋል። ክኒኑ ዋጋው ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የቀለለ ነው፤ የሚሠራው ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሲሆን ነው፥ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናትም ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እንዲህ ያለው ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። በአይራ የታከሙትን የተከታተለው ጥናት በሽታው ሳይገፋ የደረሱት ዘግይተው ከደረሱት ይልቅ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት መቆየታቸውን ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ከዚህ በሽታ ታማሚዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ በህንድ ስድሳ ስድስት፥ በደቡብ አፍሪካ አርባ ናቸው። ገላው አንድ ዓይነት ገላ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የደረሱበት ጊዜና የተገኘው ሕክምና ነው።

ስለ ጸሎት ጥቂት እንበል። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፥ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። በዚያው ታሪክ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ሕዝቅያስ መድኃኒቱን እምነት ማነስ ነው ብሎ አልጣለውም። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ይጸልዩላት፤ በማግሥቱም ከመካከላቸው የአንዱ ሚስት አብራት መኪና ላይ ትውጣ። የጾምና የጸሎት ሳምንት ከሐኪም ቀጠሮ ጋር ከተጋጨ ቀጠሮው አይለፍ። «ተፈውሰሻል፥ ክኒኑን ተዪው» የሚል ሰው በጉባኤያችን ቢነሣ መጋቢዎች ሊያስቆሙት ይገባል። ጸበል የምትጠመቅ ጎረቤት ብትኖረን ደግሞ በጸበሉ ላይ ክርክር መክፈት አያስፈልገንም፤ ጸበሉና ሐኪሙ አብረው እንዲሄዱላት ብንመክራት ትሰማናለች። የታመመችውንም ስም ከመድረክ ላይ ለጸሎት ከመጥራታችን በፊት ራሷን እንጠይቃት።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የእናንተ ሥራ መመርመር አይደለም። ሥራችሁ መንገዱን ማሳጠር ነው፤ መንገዱ የሚረዝመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በትናንሽ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዕቅድ ሴቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየችበት ቀን ጀምሮ በሽታዋ እስኪታወቅ ከ60 ቀን በላይ እንዳይወስድ ይላል። እናንተም ያገኛችኋትን ቀን ጽፋችሁ ስድሳውን ቁጠሩ።

ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ የሪፈር ወረቀቷ አይጥፋ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆነች ወረቀቱ ከሌለ ወጪው በራሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስሟ ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ፤ በአንድ ቀን ሦስት አልማዝ ከበደ ናሙና ሊሰጡ ይችላሉና። ቀጠሮው በእኛ ቀን አቈጣጠር ይሁን በፈረንጅ፥ ሰዓቱም በእኛ ይሁን በፈረንጅ፥ ጠይቃችሁ ከአጠገቡ ጻፉ። ይህን ባለማድረግ አንድ ሳምንት የቀደሙም የዘገዩም አሉ። ስልክ ከሌላት የማን ስልክ እንደሚጻፍ አስቀድማ ትወስን፤ ምስጢሯን የማትፈልገው ሰው ስልክ ላይ ውጤት እንዳይደወል።

ከሁሉ የሚበልጠው የናሙናው ውጤት ነው። ናሙና ሰጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ፥ ውጤቱንም ለመውሰድ የመኪና ገንዘብ አጥተው የሚቀሩ አሉ። ወረቀቱ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ እሷም «ክፉ ቢሆን ይጠሩኝ ነበር» እያለች ትኖራለች። ማንም ላይጠራት ይችላል። ከፕሮጀክቱ የሚሰጥ የመጓጓዣ እርዳታ ካለ ለመጀመሪያው ጉዞ ብቻ አትስጡ፤ ውጤት ለሚወሰድበት ጉዞ የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ። የሚያጠባ ልጅ ካላት ሕፃኑም አብሮ ይሄዳል፥ የሚይዝላት ሰውም ያስፈልጋታል። ስለዚህ የሁለት ሰው ሒሳብ ያዙ።

ለውይይት

በክፍል በክፍል ሆናችሁ እነዚህን ተነጋገሩባቸው። የሃያ ሦስት ዓመቷ ወጣት በእናንተ አጥቢያ ብትሆን ከእትዬ ቀጥሎ ለማን ትነግር ነበር? ያቺ ሰው ምስጢር የምትጠብቅ መሆኗን ወጣቶቹ ያውቃሉ? ባሏ ዜናውን ሲሰማ በመጀመሪያ ምን ይላል ብላችሁ ትገምታላችሁ፥ ምን ቢል ትወዳላችሁ? ከእናንተ ስፍራ ተነሥቶ በጣም ቅርብ የሆነው አልትራሳውንድ የትኛው ከተማ ነው፤ የናሙና ምርመራስ የትኛው ሆስፒታል ይሠራል? የደርሶ መልሱ የመኪና ዋጋ ለሁለት ሰው ስንት ነው? ጠይቆ አጣርቶ እስከሚመጣው ስብሰባ ድረስ በወረቀት ጽፎ የሚያመጣው ከመካከላችሁ ማን ነው?